ጣቢያውን አደስነው፣ ሰው ግን አልመጣም

ሐዲድ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ጉዳዩ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ባቡር መቆም ካቆመበት ከ20 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ትንሽ ጣቢያ አለ። ሰባት ሆነን ኮሚቴ አቋቋምንና የማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ እናድርገው ብለን ተነሳን። ሁለት ዓመት ፈጀብን። ጣሪያው ተቀየረ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ በርና መስኮቱ ተሠራ፣ ከውስጥም ከውጭም ተቀባ። ቅዳሜና እሁዳችንን እዚያው ነው የጨረስነው። የመጠበቂያ አዳራሹን ወለል በብሩሽ እየፈገፈግን ጥቁሩ እድፍ ሲለቅ፣ ከስሩ ቀይና ነጭ ንጣፍ ብቅ አለ። ያን ቀን ከመሀላችን ያለቀሰ ሰው ነበር።

የምርቃቱ ቀን ሰው ከአዳራሹ ተርፎ ሐዲዱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ግን ጭር አለ። አዳራሹን የፈለገ ሰው ማመልከቻ ያስገባና ቁልፉን ከአንድ ቢሮ ይወስዳል። ቢሮው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ሰው የለበትም። በስድስት ወር ውስጥ በሩ የተከፈተው 11 ጊዜ ነው። መዝገቡ እኔ ዘንድ ስላለ ቆጥሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ከውስጥ ያን ሁሉ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠን እሳቸው ድንጋይ ላይ። በጣም ከነከነኝ።

የት ላይ ነው የሳትነው? አሁንስ ከየት ይጀመራል? በግልጽ ንገሩኝ፣ አልከፋም።

ግንበኛው

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እጃችሁ ይባረክ። ስለ ሰዉ ሌሎች ይነግሩሃል፣ እኔ ስለ ግድግዳው ልጠይቅህ። ልስኑ በምንድን ነው የተሠራው? የድሮ ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ የድንጋይ ወይም የጡብ ግንብ ናቸው፣ የተያያዙትም በኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል። ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚወጣውን እርጥበት ተቀብሎ ወደ ውጭ ያተነዋል። በላዩ ላይ ሲሚንቶ ከተለሰነበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ጡቡ ውስጥ ይታሰራል፣ ጨው ይጠራቀማል፣ ከዚያ የጡቡ ፊት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል። ሰው ሲሚንቶ ጠንካራ ነው ብሎ ይመርጠዋል፣ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ጥንካሬው ነው። ግድግዳው በሙቀትና በቅዝቃዜ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ኖራው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶው እንቢ ስለሚል የሚሰነጠቀው ጡቡ ነው።

ከወለሉ እስከ ጉልበትህ ድረስ ያለውን ግድግዳ በእጅህ ደባብሰው። ቀለሙ አረፋ ከሠራ ወይም ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከወጣ ንገረኝ።

ሐዲድ ዳር

አሁን ደርሼ መጣሁ። በስተጀርባ በኩል ነጭ ዱቄት አለ። ልስኑ ሲሚንቶ ነው፣ የቀባነውም የፕላስቲክ ቀለም። ዘላቂ ነው ተብለን ነበር የመረጥነው።

ግንበኛው

አትደንግጥ፣ ገና ነው። ሁሉንም ነገ አፍርሱት አልልህም። ተጣድፈው ሲያፈርሱት ጡቡ አብሮ ይነሳል። መጀመሪያ ውሃውን ከምንጩ ያዙት። አሸንዳው ሞልቶ እንዳይፈስስ አጽዱት፣ መውረጃ ቱቦው ውሃውን ግድግዳው ሥር እንዳይጥለው አርቁት፣ በስተጀርባ አፈር ተከምሮ ከውስጡ ወለል በላይ ሆኖ ከሆነ ቁፈሩና ዝቅ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ግማሹ በዚህ ይቃለላል። ከዚያ የታመመውን ክፍል ብቻ በጥንቃቄ እያነሳችሁ በኖራ መልሱት፣ ቀለሙንም የኖራ አድርጉት። ኖራ ቶሎ አይደርቅም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲለሰን ፀሐይና ንፋስ በቀጥታ እንዳያገኘው እርጥብ ጨርቅ ይንጠልጠልበት።

የፊሽካው ልጅ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አባቴ ግን ዕድሜውን የፈጀው ጣቢያ ላይ ነው፣ እኔም ያደግሁት እዚያ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልናገር።

ባቡሩ በቀን ሁለቴ ነበር የሚያልፈው። ጣቢያው ግን ቀኑን ሙሉ ሰው አያጣም ነበር። ደብዳቤ የሚጠብቅ አለ፣ ወሬ ፈልጎ የሚመጣ አለ፣ ቤቱ ሞቆት ጥላ ሥር የሚቀመጥ አለ። ትምህርት ቤት ስንወጣ ቦርሳችንን የምንጥለው ትኬት መቁረጫው መስኮት ሥር ነበር። ማንም ምን ልታደርጉ መጣችሁ ብሎን አያውቅም። በኋላ ነገሩን ሳስበው የጣቢያ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፣ ያለ ምክንያት መቀመጥ የሚፈቀድበት ቦታ መሆኑ። ለሚጠብቅ ሰው ተብሎ የተሠራ ቤት ነዋ።

እናንተ አዳራሽ አድርጋችሁታል። አዳራሽ ደግሞ ጥሪ ሲኖር ነው የሚኬደው። ሰዉ ጣቢያውን ጠልቶት አይመስለኝም፣ ማመልከቻ ጻፍ ስለተባለ ነው። የኔ አስተያየት አንድ ነው፦ በሩን በየቀኑ ክፈቱት። ዝግጅት አትፈልጉ፣ ዝም ብላችሁ ክፈቱት።

ቀጥተኛው

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከሁላችሁም ለየት እላለሁ። ያ ሁሉ ድካምና ገንዘብ ሰው በሚኖርበት ሠፈር መሀል አዲስ አዳራሽ ላይ ቢውል አይሻልም ነበር ወይ? ሐዲድ የሚዘረጋው ተዳፋቱ ዝቅ ወዳለበትና መሬቱ ወደሚመቸው ቦታ ነው። ስለዚህ ብዙ ጣቢያ ከመጀመሪያውም ከሰፈሩ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ባቡሩ እስካለ ድረስ ሰው ይሄዳል፣ ባቡሩ ሲቀር ግን መሄጃ ምክንያት የለውም። የወደድነውን ሕንፃ ሁሉ ማዳን አንችልም። ይህን የምለው ቂም ኖሮኝ አይደለም። የታደሱና እንደገና የተዘጉ ሕንፃዎችን ስላየሁ ነው፣ ሁለተኛው መዘጋት ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ሰዉ ተስፋ ይቆርጣል።

የድሮ ካርታ

ቀጥተኛው ያነሳው ነጥብ ተገቢ ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን የሚያሳዩ ነገሮች ላምጣ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ኒውዮርክ በ1910 የተከፈተውን ፔንሲልቬንያ ጣቢያን በ1963 ማፍረስ ጀመረች። ፎቶውን ያየ ሰው ያንን ሕንፃ ለማፍረስ እጁ የዘረጋ ማን ነው ይላል። ሐዘኑና ቁጣው በ1965 ከተማዋ የቅርስ ጥበቃ ሕግ እንድታወጣ አደረገ። ግራንድ ሴንትራል የተባለው ሌላው ትልቅ ጣቢያ በላዩ ፎቅ ሊጫንበት ሲል የዳነውም በዚያ ሕግ ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ተወሰነለት። አንድ ጣቢያ ፈርሶ ሌላውን አዳነ ማለት ይቻላል።

ለሐዲድ ዳር ግን የበለጠ የሚጠቅመው የአሜሪካዋ ከተማ የሲንሲናቲ ታሪክ ነው። የሲንሲናቲ ዩኒየን ተርሚናል በ1933 የተከፈተ፣ ፊቱ ግማሽ ክብ የሆነ ግዙፍ ጣቢያ ነው። ባቡሩ ሲቀር በ1980 የገበያ ማዕከል አደረጉት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰረ። ሕንፃው ያው ሕንፃ፣ ውበቱም ያው ውበት ነበር። በ1990 ሙዚየሞች ሲገቡበት፣ በዓመቱ ደግሞ የመንገደኛ ባቡር ሲመለስለት ነው ነፍስ የዘራው። ስለዚህ ሐዲድ ዳር፣ የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም ማለት ጣቢያው አይሠራም ማለት አይደለም። የተሳሳተ ሥራ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። ዲትሮይት ውስጥ ሚቺጋን ሴንትራል የሚባል ጣቢያ አለ። በ1913 ተከፈተ፣ የመጨረሻው ባቡር በ1988 ወጣ። ከዚያ 30 ዓመት ባዶውን ቆመ። መስታወቱ ረገፈ፣ ሌባው ያልወሰደው ነገር አልነበረም። የመኪና አምራቹ ፎርድ በ2018 ሕንፃውን ገዝቶ እንደሚያድሰው ሲታወቅ አንድ ስሙን ያልተናገረ ሰው ስልክ ደወለ። የጣቢያውን ትልቅ ሰዓት መመለስ እፈልጋለሁ አለ። ሄደው ሲያዩ ሰዓቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተቃጠለ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኙት። ጣቢያው በ2024 ተከፈተ።

ሐዲድ ዳር

የሰዓቱን ታሪክ ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። የኛም ጣቢያ ሰዓት ግድግዳው ላይ ክብ ምልክቱ ብቻ ነው የቀረው። የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

ቀጥተኛው፣ ስለ ርቀቱ ያልከው እውነት ነው፣ ጣቢያው ከመንደሩ በእግር ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ግን ለምርቃቱ ሰዉ በእግሩ መጥቶ ነበር እኮ። ሩብ ሰዓት የከለከለው አይመስለኝም።

የፊሽካው ልጅ፣ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የጥበቃና የኃላፊነት ነገር ነው ያሰጋን። ንብረት ቢጠፋ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው ቁልፉን ቢሮ ያስገባው።

ሰዓት ጠጋኝ

ሰዓት ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ሙያዬ ነው።

ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ የምታዩዋቸው ብዙ ሰዓቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚሠሩ አይደሉም። አንድ ዋና ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። እሱ በየደቂቃው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት በሽቦ ይልካል፣ ሌሎቹ በሙሉ ምቱን ሲቀበሉ ረጅሙ የደቂቃ ቆጣሪ አንድ ደቂቃ ዘለል ይላል። ሁሉም እኩል ነው የሚዘለው። ቆሞ ያየው ሰው አይረሳውም።

ደግሞም ዛሬ ሁላችንም በአንድ ሰዓት የምንኖረው በባቡር ምክንያት ነው። በፊት እያንዳንዱ ከተማ ፀሐይ አናቱ ላይ ስትደርስ ቀትር ነው ይል ነበር፣ ጎረቤት ከተሞች በደቂቃዎች ይለያያሉ። በዚያ አሠራር የባቡር ሰሌዳ ማውጣት አይቻልም። በአሜሪካና በካናዳ የባቡር ኩባንያዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ኅዳር ወር 1883 እ.ኤ.አ. ላይ ሰዓታቸውን በቀጠና ከፋፈሉ፣ ከተሞቹም ተከተሉ።

ለዚህ ነው ከጣቢያ ምኑም ቢጠፋ ሰዓቱ አይጥፋ የምለው። ክብ ምልክቱን ለክታችሁ በልኩ አዲስ አሠሩ፣ ቀላል በባትሪ የሚሠራም ይሁን። ዋናው ነገር ትክክለኛ ጊዜ ይናገር። የቆመ ሰዓት ያለበት ቤት ሰው የሌለበት ቤት ይመስላል። ከሩቅ በእግር የሚመጣ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሰዓቱን ካየ ጣቢያው ለሱ ሥራ ጀምሯል።

ንፁህ አየር

በሥራዬ የሥራ ቦታ ደህንነት ነው የምከታተለው። የማስቸግራችሁ ሕፃናት የሚመጡበት ቦታ ስለሆነ ነው፣ እባካችሁ ይህን ሳታዩ በሩን አትክፈቱት።

የድሮ ጣቢያ ብረትና እንጨት ላይ ያለው የሥረኛው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ለዝገት መከላከያ የተቀባው ቀዩ። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ብናኙ መሬት ላይ ያርፋል፣ ሕፃን በእጁ ነክቶ አፉ ያስገባዋል፣ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው። ያልተላጠ ከሆነ በላዩ ሌላ ቀለም ቀብቶ ማሸጉ ይሻላል። የተላጠ ከሆነ ውሃ እየረጩ፣ አፍንጫና አፍ በትክክለኛ ጭምብል ሸፍነው፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፈው ነው የሚነሳው።

ሁለተኛ፣ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙት የድሮ እንጨቶች። ቆንጆ ስለሆኑ ሁሉም ሰው አግዳሚ ወንበር ወይም የአበባ መደብ ሊሠራባቸው ይፈልጋል። አትሥሩባቸው። እንዳይበሰብሱ ክሪዮሶት በሚባል ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ዘይት የተነከሩ ናቸው፣ ፀሐይ ሲነካቸው ጥቁር ነገር ያልባሉ። ቆዳ ያቃጥላል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። በሐዲዱ ዳር ያለው አፈርም ለዓመታት ዘይትና አመድ የጠጣ ነው። የሚበላ ነገር መትከል ከፈለጋችሁ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ ንፁህ አፈር ከሌላ ቦታ አምጡ።

የጣሪያው ክዳን ወይም የቱቦ መጠቅለያው ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ከነበረ ደግሞ ማን አወረደው፣ የትስ ተጣለ? ተሰብሮ ግቢው ውስጥ የተቀበረ ካለ የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ።

እሳትም አለ። የኢስታንቡሉ ሃይደርፓሻ ጣቢያ ጣሪያ ኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. ላይ የተቃጠለው በጥገና ሥራ ወቅት ነው። አሮጌ ሕንፃ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው እየታደሰ ሳለ ነው። ብየዳ በተሠራበት ቀን ሠራተኛው ሲወጣ አንድ ሰው ቢያንስ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠብቅ።

ሐዲድ ዳር

እንጨቶቹን አግዳሚ ወንበር አድርገናቸዋል። አራት። ነገውኑ ይነሳሉ። እግዚአብሔር ይስጥሽ/ይስጥህ።

ንፁህ አየር

ይስጥሽ በለኝ። አሜን። ስታነሷቸው ጓንት አድርጉ፣ እንዳታቃጥሏቸውም፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ውል ይቅደም

ማንም ሰው ያላነሳው ነገር አለ። ቤቱ የማን ነው? ብዙ ጊዜ ባቡሩ ቢቆምም መሬቱና ሕንፃው የባቡር ድርጅቱ ወይም የመንግሥት ሆኖ ይቀጥላል። እኔ የነበርኩበት ቡድን በቃል ፈቃድ ብቻ ሥራ ጀመረ። ደህና ሰው ነበር የፈቀደልን። ሰውየው ተቀየረ፣ አዲሱ መጣና የምን ፈቃድ አለን። ያደስነውን መጋዘን ዕቃ አስገቡበት። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው ይሄንኑ ነው፦ የአምስት ዓመት ውል ይዞ ጣሪያ አይቀየርም። ጣሪያ የሚቀይር ሰው ረጅም ውል ይፈልጋል፣ ውሉም ጣሪያው ቢያፈስ ማን እንደሚጠግን፣ ውሉ ቢቋረጥ ላወጣችሁት ምን እንደሚከፈል፣ ለሌላ ቡድን ማከራየት ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ የያዘ መሆን አለበት።

ጎን ለጎን ባቡር የሚያልፍበት መስመር ካለ ደግሞ አጥሩን የሚሠራውና የሚጠግነው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ፕላትፎርሙ (መሳፈሪያው መድረክ) ጫፍ ላይ ልጅ ቢወድቅ ያኔ ነው ሁሉም ወረቀት የሚፈልገው።

ጭብጨባ

የድምፅ ባለሙያ ነኝ። አዳራሹ መሀል ቆመህ አንዴ አጨብጭብ። ድምፁ እስኪጠፋ ምን ያህል ይቆያል? የጣቢያ አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ንጣፍ፣ ግድግዳው ደረቅ ነው። ሁሉም ድምፅ መላሽ ነው። ንግግር የሚሰማው ድምፁ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሲሞት ነው፣ እንዲህ ያለ ቤት ግን ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጎትተዋል። ሽማግሌ ሰው አንዴ መጥቶ ምንም ሳይሰማ ከሄደ ሁለተኛ አይመጣም፣ አልሰማሁም ብሎም አይነግራችሁም። ወፍራም መጋረጃ፣ ከጣሪያው የሚንጠለጠል ጨርቅ፣ ጀርባ ግድግዳው ላይ የሱፍ ሰሌዳ፣ መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ እነዚህ ሁሉ ይረዳሉ። ታሪካዊውን ግድግዳ ሳትነኩ።

የፊሽካው ልጅ

ሐዲድ ዳር፣ ስለ ንብረት ያልከው ገብቶኛል። ግን ምን አለ የሚጠፋ? አግዳሚ ወንበሩን ማን ይሸከመዋል? የሚሰረቀውን ነገር የጣቢያ ኃላፊው ክፍል ውስጥ ቆልፉበት፣ መጠበቂያውን ክፍት ተዉት። ለነገሩ ጣቢያ ድሮም እንደዚያ ነበር። ገንዘቡና ትኬቱ ያለበት ክፍል በብረት መስኮት የታጠረ፣ ሌላው ግን ለሁሉም ክፍት። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ይሄን ጥያቄ አስቀድመው መልሰውታል።

ቀን አዳሪ

እኔ ተማሪ ነኝ። አዋቂዎቹ ስለ ኖራና ስለ ውል ሲያወሩ ገርሞኝ እያነበብኩ ነበር። የኛን ፍላጎት ልናገር፦ መብራት፣ ስልክ የሚሞላበት ሶኬት፣ ንፁህ ሽንት ቤት፣ ጠረጴዛ። በቃ። ቤት ውስጥ ለማጥናት ቦታ የሌለው ስንት ልጅ አለ። ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ክፍት ቢሆን ሩብ ሰዓት አይደለም ግማሽ ሰዓትም እንሄዳለን። ግን መንገዱ መብራት ይኑረው፣ በተለይ ለሴቶች።

አሮጌው ፉርጎ

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ በመስመር ጥገና ላይ ነው የሠራሁት። ጽሑፋችሁን የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ ነው፣ መልሴንም እሷ ናት የምትጽፈው።

ከተማ ጣቢያ ሠራ ይባላል፣ ጣቢያም ከተማ ይሠራል። ድሬዳዋን ተመልከቱ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ሊወጣ ነበር የታሰበው፣ ተራራው ከበደና መስመሩ በቆላ በኩል ቀረ። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ ጣቢያውን ከብባ በቀለች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ለገሃር የምንለውም ቃል እኮ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት ነው፣ በአፋችን ተለውጦ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። ጣቢያ በሰው አንደበት ውስጥ እንዲህ ይገባል።

የምፅዋ አስመራንም መስመር ልብ በሉ። ጦርነቱ ሐዲዱን ነቅሎት ብረቱ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ እንደገና ሲዘረጋ የተጠሩት ጡረታ የወጡት የድሮ ሠራተኞች ናቸው፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው። ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። የድሮዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች በእጃቸው ነው ያስነሷቸው።

ሐዲድ ዳር ልጄ፣ ኮሚቴያችሁ ውስጥ በዚያ ጣቢያ የሠራ ሰው አለ? ከሌለ ፈልጉ። አንድ አይጠፋም። የሞተም ከሆነ ሚስቱ ወይ ልጁ አለ። ሰዓቱ የት እንደሄደም ከነሱ ነው የምትሰማው። ለምርቃት ቀን ወንበር ስጡት ማለቴ አይደለም። ቁልፉን ስጡት ነው የምልህ። ሃያ ሰላሳ ዓመት በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ማንም አይነግረውም።

ሐዲድ ዳር

አባባ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የልጅ ልጅዎንም አመስግኑልኝ። ኮሚቴው ውስጥ ማንም የለም። አላሰብነውም ነበር። ይህን በመጻፌ አሁን ነው የጸጸተኝም ደስ ያለኝም።

ቀጥተኛው

እኔ አሁንም ሁሉም ጣቢያ ይዳን አልልም። ግን አንድ ነገር ተቀብያለሁ። ጥያቄዬ መሆን የነበረበት ሕንፃው ለምን ይታደሳል የሚለው ሳይሆን በየቀኑ ሰው ሊሄድበት የሚገደድበት ምን ነገር አለ የሚለው ነው። ክትባት የሚሰጥበት፣ ቅጽ የሚሞላበት፣ አውቶቡስ የሚቆምበት። አውቶቡሱ በተለይ። ጣቢያ ነውና መንገደኛ ይመለስለት። ለጉዳይ የመጣ ሰው ነው ቆይቶ ያለ ጉዳይ የሚቀመጠው።

የድሮ ካርታ

ይሄ የኦርሴይን ጣቢያ ያስታውሰኛል። ፓሪስ ውስጥ በ1900 ተከፈተ፣ ባቡሮቹ እየረዘሙ ሲሄዱ ፕላትፎርሙ አጠራቸው፣ በ1939 የሩቅ ባቡር መቀበል አቆመ። ከዚያ ሙዚየም ሆኖ በ1986 እስኪከፈት ድረስ ያልሆነው ነገር አልነበረም፣ ከጦርነት የተመለሱ እስረኞች መቀበያም ሆኗል፣ ቲያትርም ሆኗል፣ የጨረታ ቤትም ሆኗል። በመሀሉ ሊፈርስ ሁሉ ታስቦ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜያዊ አገልግሎት ሕንፃውን ሰው እንዳይረሳው ያደረገ ይመስለኛል። እናንተም የመጨረሻውን አገልግሎት እስክታገኙ አትጠብቁ። ለሦስት ወር ይህን፣ ለሦስት ወር ያን እያላችሁ ሞክሩ።

ሐዲድ ዳር

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የክሪዮሶት ወንበሮቹ ተነስተዋል። አሸንዳው ተጠግኗል፣ በስተጀርባ ከጉልበት በታች ያለው አፈር ተቆፍሮ ወርዷል። ልስኑን ገና አልነካነውም፣ ግንበኛው እንዳለው እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው። ውላችንን አውጥተን ስናየው የሦስት ዓመት ነው። እንዲራዘም ጠይቀናል፣ መልስ አላገኘንም። ይሄ ያሳስበኛል።

አባባ ያሉትን አደረግን። በጣቢያው ላይ ትኬት ይቆርጡ የነበሩ አዛውንት አገኘን፣ 81 ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ሄደን ስንነግራቸው ዝም ብለው ተነሱና ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ጎተቱ። የትኬት መብሻው መቆንጠጫ አለ፣ ፊሽካው አለ፣ የመጨረሻው ወር መዝገብ አለ። ሰዓቱን ጠየቅናቸው። አያውቁም። ግን የመጠበቂያው በር ለምን ከታች በኩል እንደሚጣበቅ ነገሩን፣ ማጠፊያው ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ሁለት ዓመት ስንገፋው የኖርነውን በር በአንድ ቀን አስተካከሉት፣ እሳቸው እየተናገሩ ልጃቸው እየሠራ።

አሁን ጠዋት የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፣ ማታ የሚዘጋው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። ማመልከቻ ቀርቷል። የቢሮው ሰዎች መጀመሪያ ተቃወሙ። ዕቃዎቹ ሁሉ በትኬት ክፍሉ ውስጥ ተቆልፈው ሲያዩ ለሦስት ወር ሞክሩት ብለው ፈቀዱ። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ሰው መጣ። ትላንት ማታ ስቆጥር 23 ነበሩ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ልብስ የሚጠልፉ ሴቶች። ያቺ ደጃፉ ላይ ያየኋቸው ሴትዮ ከመሀላቸው አሉ። ልጃቸው አግዳሚው ወንበር ላይ ተኝቷል።

ጭብጨባ፣ አጨብጭቤ ነበር። አዎ፣ ይጎትታል። የሱፍ ሰሌዳውን በምን ያህል ውፍረት እናድርገው? የጀርባው ግድግዳ ስምንት ሜትር በአራት ነው።

ጭብጨባ

አምስት ሴንቲሜትር፣ ከግድግዳው ትንሽ ክፍተት ትታችሁ። እርጥበት ስላለው በቀጥታ እንዳትለጥፉት፣ ግንበኛውም ይቆጣል። ስፋቱ ሁሉንም አይሸፍን፣ ግማሹ ይበቃል። ከሰው ጆሮ ከፍታ ጀምሩ።

ሰዓት ጠጋኝ

ክብ ምልክቱ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ለክተህ ጻፍልኝ። የሰዓቱን ፊት እኔ እሠራዋለሁ።